የዊንዶውስ ከርሰር ማስተካከል፦ ችግርና መፍትሄ

አንድ የከርሰር (የማውስ ጠቋሚ) ፋይል ባለ 32፣ 48፣ 64፣ 96 እና 128 ፒክስል ሥዕሎችን አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ ሥዕል የራሱ ሆትስፖት፣ ማለትም ክሊኩ የሚያርፍበት ነጥብ አለው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ጠቋሚው ይደበዝዛል። የስክሪኑ ስኬል፣ ማለትም ነገሮችን የሚያጎላበት መጠን፣ 100 ፐርሰንት ሲሆን ጥርት ይላል፤ 150 ሲደረግ ይደበዝዛል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ባለ 32 ብቻ ስለሆነ ዊንዶውስ እሱኑ እየለጠጠ ያሳያል። ለ150 ፐርሰንት 48፣ ለ200 64፣ ለ300 96 ይጨመርለት። መጀመሪያ ትልቁን ሠርቶ ማሳነስ ይቀላል፤ ባለ 32ቱን ግን ፒክስል በፒክስል በእጅ ማረም ግድ ነው፤ ሲያንስ ቀጫጭን መስመሮች ይጨማለቃሉ።

ክሊኩ ዒላማውን ይስታል። አንዱ ስክሪን ላይ በትክክል ይሠራል፣ ሌላው ላይ ጎን ይመታል። ሥዕሉ ሲያድግ ሆትስፖቱ በቀድሞ ቁጥሩ ቀርቷል ማለት ነው። ባለ 32ቱ 10፣10 ከሆነ፣ 48ቱ 15፣15፤ 64ቱ 20፣20፤ 96ቱ 30፣30፤ 128ቱ 40፣40 ይሁን። ቆጠራው ከላይ ግራ ከ0 ይጀምራል። ጫፉ 0፣0 ላይ የሆነ ቀስት ይህን ስህተት ስለሚደብቅ መስቀለኛ ወይም እስክርቢቶ መሰል ከርሰር ላይ ይሞከር።

ሴቭ ሲደረግ ሌሎቹ መጠኖች ይጠፋሉ። ኤዲተሩ የሚያውቀው አንድ ሥዕል ብቻ ነው። የፋይሉን ክብደት ማየት ያጋልጠዋል፦ 4,286 ባይት ከሆነ የቀረው አንድ ባለ 32 ቢት ቀለም፣ ባለ 32 ፒክስል ሥዕል ነው። ያልተጨመቀ ባለ 128 ብቻውን ከ65,000 ባይት በላይ ይመዝናል። ግሪንፊሽ አይከን ኤዲተር ፕሮ ወይም ሪልወርልድ ከርሰር ኤዲተር ሁሉንም መጠን ጎን ለጎን ያሳያሉ። ኮፒ ሳያስቀምጡ ግን አይነካም።

የአይከን ፋይል ስሙ ተቀይሮ ከርሰር አይሆንም። ከርሰር ሆትስፖቱን በሚጽፍበት ቦታ አይከን የቀለም መረጃ ይጽፋል። በኤዲተር ተከፍቶ ሴቭ አዝ ተብሎ በከርሰር ዓይነት ይቀመጥ።

ለውጡ አይታይም። ፋይሉ ላይ ሴቭ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ኮንትሮል ፓነል፣ ማውስ፣ ፖይንተርስ ገብቶ በብራውዝ እንደገና መምረጥ፣ ከዚያ አፕላይ። በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ያለው የጠቋሚ መጠን ማንሸራተቻም 1 ላይ መሆኑ ይታይ፤ ከዚያ ካለፈ የትኛው ሥዕል እንደተመረጠ መለየት ያስቸግራል።