የሰበር ውሳኔ ይዛችሁ ክፍል የምትገቡ መምህራን፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ህግ ለማስተማር የእውነት ኬዝ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የስር ፍርድ ቤቶችን መሰረታዊ የህግ ስህተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎቹን በቅጽ በቅጽ እያሳተመ ያወጣል። በየገጹ ቤት የሸጠ፣ ከስራ የተባረረ፣ ልጄን ስጡኝ የሚል ሰው አለ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ ደግሞ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የህግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ስለዚህ ቅጾቹን የማይጠቀም መምህር የለም ማለት ይቻላል። አጠቃቀማችን ግን አንዳንዴ ባንጠቀማቸውስ ያሰኛል።

ከላይ ያለችውን ማጠቃለያ ማስተማር

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በብዙዎቹ ውሳኔዎች አናት ላይ ጥቂት መስመሮች አሉ። ትርጉሙ ምን እንደሆነና የትኞቹ አንቀጾች እንደተነሱ ይናገራሉ። የሚጠቅሙት ቸኩሎ ለሚፈልግ ዳኛና ጠበቃ ነው። መምህሩ እነሱን ስላይድ ላይ ይገለብጣል። ተማሪው ከስላይዱ ሾርት ኖት ይሰራል። ሾርት ኖቱ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። የሚቀጥለው ባች ያንኑ ይሸመድዳል።

ከዚያ ተማሪውን «የሰበር መዝገብ ቁጥር (የሰ/መ/ቁ.) 21448 ምን ይላል?» ብለህ ጠይቀው። አፍታም አይፈጅበት። «የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ባለስልጣን ፊት ካልተደረገ አይጸናም፤ የፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 1723።» ጎበዝ። ክርክሩ ከየት ተነሳ? አመልካች፣ ማለትም ሰበር ዘንድ አቤት ያለችው፣ ምን ብላ ተከራከረች? የስር ፍርድ ቤቶች ምን ብለው ነበር? ዝም። አንዳንዱ እንዲያውም ይሄን ለምን እንደምትጠይቀው ግራ ይገባዋል።

ነገ ቢሮው የሚመጣው ባለጉዳይ «ጉዳዬ የአንቀጽ 1723 ነው» አይለውም። ሶስት ምስክር የፈረሙበት፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። ቤቱን ተረክቧል። አድሶታል። ሻጩ ሞቷል፤ ወራሾቹ ውጣ ብለውታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለህጉ የሚቆጠረው የቱ ነው? የማይቆጠረውስ? ተማሪው ይህን መለየት የሚማረው ከፍርዱ ሙሉ ሐተታ ጋር ራሱ ሲታገል ነው። ማጠቃለያው ደግሞ የትግሉን ውጤት ብቻ ነው የሚያሳየው።

«ምን እናድርግ፣ መውጫ ፈተና አለ» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ፈተናው ይጫናል፣ አልክድም። ግን ፍሬ ነገሩ ትንሽ ተለውጦ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቀው ያው የሸመደደው ልጅ ነው።

ማን እንደረታ ቀድሞ መናገር

የሰ/መ/ቁ. 23632ን ውሰዱ፤ ቅጽ 5 ላይ አለ። እናት ሞተች። አክስት ልጅ አሳደገች። ከዓመታት በኋላ አባት ልጄን ስጡኝ አለ። የቤተሰብ ህጉ ከወላጆች አንዱ ሲሞት በህይወት ያለው ብቻውን ሞግዚትና አሳዳሪ ይሆናል ይላል። የስር ፍርድ ቤቶችም ለአባት ወሰኑ።

እዚህ ላይ ቁረጡት። ቀሪውን ገጽ አትስጡ። ግማሹ ክፍል ለአባት፣ ግማሹ ለአክስት ይጻፍ።

አንድ ጊዜ ከአባት ወገን የነበረች ተማሪ አንቀጿን ይዛ አላስነቃንቅ አለች። ህጉ ግልጽ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? የአክስት ወገን ጠበቆች ጸጥ አሉ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ እምብዛም የማይናገር ልጅ ነበር። «ሁላችንም ስለ አባት መብት ነው የምናወራው፤ ለልጁ የሚሻለው የቱ ነው?» አለ። ከዚያ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሰበርም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። የህፃናትን ጥቅም አስቀድሞ የስር ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ ሻረ። መልሱን በመጀመሪያው ደቂቃ ብነግራቸው ኖሮ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይጽፍ ነበር።

ጊዜው ያለፈበትን ውሳኔ እንደ ትኩስ ማቅረብ

የአሰሪና ሰራተኛ ኬዝ ላይ ይሄ በየሴሚስተሩ ያጋጥመኛል። የቆዩት ውሳኔዎች አዋጅ ቁጥር 377/1996ን ይዘው የተሰጡ ናቸው። በዚያ አዋጅ ያለ በቂ ምክንያት አምስት ተከታታይ የስራ ቀን መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚቆጠረው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የስራ ቀን ነው፤ ሰራተኛው በጽሁፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው የቀረ መሆን አለበት። ያውም ሁለቱም አንቀጽ 27 ላይ ናቸው! ቁጥሩ አንድ ስለሆነ መምህሩም ተማሪውም ሳያዩት ያልፋሉ።

ራሱ 21448ም ለብቻው አይነበብም። ከሱ በኋላ የውሉን መኖር ተዋዋዮቹ ካልካዱት ምን ይሆናል የሚለው ሌላ ክርክር አስነስቷል። ሰበር የራሱን ትርጉም መለወጥም ይችላል። የቆዩና አዲስ ውሳኔዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡና ልዩነቱን ተማሪው ያውጣው። በአብላጫው ያልተስማማ ዳኛ የጻፈው የሐሳብ ልዩነት ያለበት ካገኛችሁ ደግሞ እሱን አትዝለሉ፤ ብዙ ጊዜ ከአብላጫው ይልቅ ክፍሉን የሚያነቃው እሱ ነው።

ስም

ቅጾቹ ከነተከራካሪዎቹ ስም ነው የሚታተሙት። ታትሟል ማለት ግን ፕሮጀክተር ላይ ይውጣ ማለት አይደለም። ፍቺ፣ የአባትነት ክርክር፣ የመድፈር ወንጀል... አገሩ ትንሽ ነው። ክፍላችሁ ውስጥ የተከራካሪዋ የእህት ልጅ ልትኖር ትችላለች። «አመልካች» እና «ተጠሪ» ይበቃል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ስራ ነው፤ ሰነፎች አንሁን።

በሰበር ብቻ መወሰን

ሰበር የሚያየው መሰረታዊ የህግ ስህተትን ነው። ፍሬ ነገሩ ከስር ተጣርቶ፣ ተጠርጎ ነው የሚደርሰው። ቅጽ ብቻ ያነበበ ተማሪ ምስክሮች ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስለዋል። ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተዘጋ መዝገብ አስፈቅዳችሁ ኮፒ አምጡ። የክስ ማመልከቻው፣ መልሱ፣ የምስክሮች ቃል ይኑርበት። አንዱ ምስክር «ገንዘቡ ሲቆጠር አይቻለሁ» ሲል ሌላው «እኔ ስደርስ ተበትነው ነበር» የሚልበት መዝገብ ካገኛችሁ እሱን አትልቀቁት።

ብዛት

ለአንድ ኮርስ ሰላሳ ኬዝ መስጠት ማንም እንዳያነብ መፍቀድ ነው። ስድስት ሰባት ይበቃል።

ግሩፕ ወርክ

ሰባት ስም፣ አንድ ጸሐፊ። እያንዳንዱ በእጁ የጻፈውን አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ፤ ከዚያ በኋላ ተሰብስበው ይከራከሩ።