ወላጆቻችሁ ገጠር ናቸው? ስልኩን ለሕክምና እንዲህ ተጠቀሙበት

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ እናቴ መንዝ። ደም ግፊት አለባት። ጤና ጣቢያው ለእግሯ ሩቅ ነው። ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ «መድኃኒቱ አልቋል» ተብላ ስትመለስ አንጀቴ ያርር ነበር። ስልክ ሐኪምን አይተካም፤ የከንቱ መንገድን ግን ያስቀራል።

አፕ ከማውረዳችሁ በፊት የሁለት ሰው ቁጥር ያዙ፦ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የጤና ጣቢያው ፋርማሲ። ኤክስቴንሽኗ ቤቱንም ሰዉንም ታውቃለች። ፋርማሲው ጋ ስትደውሉ «የግፊት መድኃኒት አለ?» አትበሉ። «አለ» ይሏችኋል፣ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። «አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም አለ?» ብላችሁ በስሙና በመጠኑ ጠይቁ። እናታችሁ የሚነሱት «አለ» ከተባለ በኋላ ነው።

ስሙን ለማወቅ ፎቶ ያስፈልጋል። ስማርት ስልክ ያለው የጎረቤት ልጅ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ፊትና ጀርባ፣ የቀጠሮ ካርዱንም፣ በር ላይ በቀን ብርሃን ያንሳ። በቴሌግራም ሲልክ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላክ፤ በፎቶ ከሄደ ጥራቱ ስለሚቀንስ ትንንሹ ጽሑፍ ይደበዝዛል። ኔትወርክ ቢቋረጥም ሲመለስ ይልከዋል። ካርዱን የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትልቀቁት፣ የሰው ገመና ነው።

የግፊት መለኪያ መግዛት ከቻላችሁ በክንድ የሚታሰረውን ግዙ። አለካኩ ላይ ግን አደራ! እናቴ ቡና ጠጥታ ወዲያው መለካት ትወዳለች። ከቡና በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ከዚያ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ። ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልባቸው ከፍታ ይረፍ። ጨርቁ በሹራብ ላይ አይታሰርም፣ በባዶ ክንድ ነው። ሲለካ ወሬ የለም። ከደቂቃ በኋላ ድገሙት። ውጤቱ በአጭር መልእክት ይበቃል፦ «ጠዋት፣ ላይ 150፣ ታች 90»። እናንተ ደብተር ላይ መዝግባችሁ ለቀጠሮ ቀን አዘጋጁት። ሐኪሙ ከአንድ ቀን ልኬት ይልቅ የሳምንታቱን ቢያይ ይመርጣል። ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ ግን መድኃኒት አታስቁሙ።

ላይኛው ከ180 ወይም ታችኛው ከ120 ካለፈ ጥቂት አርፈው ይለኩ። ካልወረደ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ደውሉ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ካለ ግን ልኬት አያስፈልግም፣ ወዲያው ወደ ሕክምና! የወረዳውን አምቡላንስ ቁጥር አስቀድማችሁ ከኤክስቴንሽኗ ተቀበሉ። የቀይ መስቀሉን 907 ጨምሩበት፤ የሁሉም ቦታ አምቡላንስ ግን እሱ አይደለም።

የትራንስፖርቱን በቴሌብር ትልካላችሁ፤ በቅርብ ወኪል መኖሩን አረጋግጡ። የጤና መድን መታወቂያቸው መታደሱንም ጠይቁ፣ በየዓመቱ ነው።

እናቴ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። 2 ቁጥርን ተጭና ስትይዝ ኤክስቴንሽኗ ጋ፣ 3ን ስትይዝ እኔ ጋ ይደውላል። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ይህን ሞልታችሁላቸው፣ እዚያው ፊታችሁ አስደውሏቸው።