ስሙ ያልተነገረን ጭራቅ ማን እንደሆነ በጨዋታው ሕግ እንዴት እንደርስበታለን

ቅዳሜ ማታ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፣ ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ጠረጴዛው ላይ ይንከባለላል። የምንጫወተው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጨዋታ ነው። አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፣ ሌሎቻችን ገጸ ባሕርያቱን ሆነን እንወስናለን።

እኔ በጣም የምወደው መሪው የጭራቁን ስም ሳይነግረን ሲቀር ነው። «ከውሃው ውስጥ አንድ ነገር ወጣ» ብሎ ዝም ይላል። ማን እንደሆነ ማወቁ የኛ ፈንታ ነው። በዕድል ብቻ የሚሆን ነገር ግን አይደለም፣ ሕጉ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በቅርቡ የገጠመንን ይዤ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው አምስተኛ እትም ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክርቢቶ ያዙ። የጭራቁን ስም ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ። መሪያችን ታሪኩን የኛን ሐይቅ አስመስሎ ነው የሠራው። ሌሊት ነው፣ ጭጋግ ነው፣ የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ተቦጫጭቋል። አንዷ ጓደኛችን ወዲያው «ጉማሬ ነው!» አለች። የሐዋሳ ልጅ ሐይቅ ሲባል ጉማሬ ቢመጣበት አይፈረድበትም። ግን ወረቀቱ ላይ «ረጅም እጅ፣ ጥፍር» የሚል ተጽፏል። ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል እንጂ እጁን ዘርግቶ ሰው አይዝም። ቀረን ትሮል (ግዙፍ አስቀያሚ ጭራቅ)፣ ቫምፓየር (ደም መጣጭ)፣ ወይም ሰው መሳዩ ተኩላ (ወደ ተኩላ የሚቀየር ሰው)።

ቀጥሎ መሪውን ጠይቁ፦ «ገጸ ባሕሪዬ ስለዚህ ፍጥረት የሚያውቀው ነገር አለ?» መሪው ከፈቀደ ዳይሱን ትጥላላችሁ፣ የዕውቀት ነጥባችሁን ትደምራላችሁ። መካከለኛ ለሚባል ጥያቄ 15 መድረስ አለበት፣ ለከባዱ 20። እኛ 11 ነው ያመጣነው። ምንም አላወቅንም። መጽሐፉን በስልክ ከፍቶ ማየት ይቻል ነበር፣ ግን እባካችሁ አታድርጉት። ጨዋታውን ይገድለዋል።

ከዚያ ውጊያው ሲጀመር ለመምታት የጣላችሁትን እያንዳንዱን የዳይስ ውጤት መዝግቡ። አንዱ በድምሩ 13 አምጥቶ ሳተ። ሌላዋ 16 አምጥታ መታች። ስለዚህ የጭራቁ የመከላከያ ቁጥር፣ ማለትም እሱን ለመምታት ድምሩ መድረስ ያለበት ቁጥር፣ 14፣ 15 ወይም 16 ነው። ዳይሱ ራሱ 20 ካሳየ ግን አትጻፉት፣ 20 ምንጊዜም ይመታል። 1ም እንደዚያው ሁልጊዜ ይስታል። ሁለቱም ስለ ጭራቁ ምንም አይነግሯችሁም። ሰው መሳዩ ተኩላ መከላከያው 11 ወይም 12 ነው፣ ስለዚህ ወጣ። ትሮል 15፣ ቫምፓየር 16፣ ሁለቱም አሉ። መሪው ቁጥሮችን ሊቀይር ስለሚችል ግን በቁጥር ብቻ አትደምድሙ። እኔ ይበልጥ የማምነው የጭራቁን ባሕርይ ነው።

ባሕርዩም ቶሎ ታየ። ትከሻው ላይ ያቆሰልነው ቁስል ተራው ሲደርስ ዓይናችን እያየ ገጠመ። ትሮልም ቫምፓየርም ቁስላቸው ይገጥማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዝም ብሎ መምታቱን ይቀጥላል። ተዉት። ሁለቱን የሚለይ አንድ ነገር ፈልጉና ያንን ሞክሩ።

ቫምፓየር በሚፈስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ተራውን ከጨረሰ 20 የሕይወት ነጥብ ያጣል። ሐይቅ አይፈስም፣ ስለዚህ ከሐይቅ መውጣቱ ምንም አያረጋግጥም። ግን ወደ ሐይቃችን የሚገባ ወንዝ አለ፣ ጥቁር ውሃ። መሪያችን እሱንም ካርታው ላይ ስሎታል። እያፈገፈግን ወደ ወንዙ ሳብነው። ተከትሎን ገባ፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃው ውስጥ ቆመ። ተራው አለቀ። መሪው ዝም አለ። ምንም አልሆነም!

ቫምፓየሩን ሰረዝኩት። የቀረው እሳት ነው። ትሮል በእሳት ወይም በአሲድ ከተጎዳ በሚቀጥለው ተራው ቁስሉ አይገጥምም። ትልቅ አስማት አያስፈልግም። የሚነድ ችቦ 1 ነጥብ ብቻ ይጎዳል፣ ያቺ አንዷ ትበቃለች። ያቺው ጉማሬ ያለችው ልጅ በችቦዋ ክንዱን ነካችው። ተራው ደረሰ። «ቁስሉ እንዳለ ነው» አለ መሪው። ትሮል ነው!

ስሙን ስታውቁ አጨራረሱንም አወቃችሁ ማለት ነው። ትሮል የሕይወት ነጥቡ ዜሮ ገብቶ ቢወድቅም አልሞተም፣ ተራው ሲደርስ 10 ነጥብ መልሶ ይነሳል። የኛም በመጨረሻ ተዘርሮ ወደቀ። አንዱ ጓደኛችን ዳይሱን መሰብሰብ ጀመረ። «ቆይ፣ ቆይ!» ብለን ሁላችንም ጮኽንበት፣ እሷም ችቦዋን ደረቱ ላይ አሳረፈችው።