የኢራንን የኒውክሌር ድርድር ዜና እንዴት እንከታተል?

ሰኔ 2025 ላይ የኢራን ሚሳኤል ቴል አቪቭ ሲወርድ፣ ኳታር ያለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሲመታ፣ እዚያ ዘመድ ያለን ሰዎች ስልካችንን ይዘን ነው ያደርነው። ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ "ድርድሩ ተሳካ"፣ "ድርድሩ ፈረሰ" የሚል ርዕስ ስታዩ ከመደሰትም ከመደንገጥም በፊት እነዚህን ነገሮች ፈልጉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ፐርሰንቱን። ከመሬት በሚወጣው ዩራኒየም ውስጥ የሚፈለገው ዓይነት፣ ዩራኒየም 235 የሚባለው፣ 0.7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሴንትሪፊውጅ በሚባል በጣም ፈጣን ማሽን እያሽከረከሩ የሱን ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው ማበልፀግ የሚባለው። ለአብዛኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይበቃል፤ ለቦምብ 90 በመቶ ገደማ ይፈለጋል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ "60 በመቶ ከሆነማ ገና ብዙ ይቀራቸዋል" ይላል። አይቀራቸውም! ከባዱ ሥራ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው፤ 20 በመቶ የደረሰ አገር አብዛኛውን ልፋት ጨርሷል። ኢራን በ2021 ወደ 60 ስትወጣ ያ ሁሉ ድንጋጤ የመጣው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ኪሎውን። በ2015 ቪየና ላይ የተደረሰው ስምምነት ኢራንን ከ3.67 በመቶ በላይ እንዳታበለፅግ፣ ክምችቷም ከ300 ኪሎ እንዳያልፍ አስሯት ነበር፤ በምላሹ ማዕቀብ ይነሳላታል። በ2018 ትራምፕ ከስምምነቱ ወጡ፣ ማዕቀቡም ተመለሰ፣ ኢራንም ከዓመት በኋላ ገደቡን እየጣሰች ሄደች። በሰኔ 2025 እስራኤል ኢራንን ማጥቃት ስትጀምር የ60 በመቶው ክምችት ብቻ ከ400 ኪሎ በላይ ደርሶ ነበር። ከዚህ 42 ኪሎ ያህሉ፣ የበለጠ ከበለፀገ፣ ለአንድ ቦምብ እንደሚበቃ ይሰላል።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማየው ተቆጣጣሪዎቹን ነው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሰዎች የኢራን የማበልፀጊያ ጣቢያዎች ናታንዝና ተራራ ሥር ያለው ፎርዶ ገብተው ካልቆጠሩ፣ ካሜራቸው ካልሠራ፣ ፐርሰንቱም ኪሎውም ግምት ነው የሚሆነው። እስራኤልና አሜሪካ ከደበደቡ በኋላ የሆነው ይኸው ነው፤ ሕንፃው ተመታ፣ ያ ክምችት የት እንዳለ ግን ቆጥሮ የሚያረጋግጥ ጠፋ። ሰሜን ኮሪያን አስታውሱ፦ በ2002 መጨረሻ ተቆጣጣሪዎቹን አባረረች፣ በ2003 የኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ከሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መውጣቷን አወጀች፣ በ2006 ቦምብ ሞከረች።

"ተስማሙ" ከተባለም ማን ቀድሞ ምን እንደሚያደርግ ፈልጉ። ማዕቀቡ መጀመሪያ ይነሳል ወይስ ክምችቱ መጀመሪያ ይወጣል? ይህ ካልተጻፈ ገና ምንም አልተቋጨም።

የኤጀንሲው ሪፖርት በየሦስት ወሩ ገደማ ይወጣል። ያን ሰሞን የኃላፊውን የራፋኤል ግሮሲን ንግግር ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ሰዎቻቸው ገብተው አይተው እንደሆነ ወይም በር ተዘግቶባቸው እንደሆነ እዚያ ታገኙታላችሁ።