የኤቢኤስ መብራት አልጠፋ ሲል፦ ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት

ፍሬን አጥብቀው ሲረግጡ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የኤቢኤስ መብራት በርቶ ሲቀር ብዙ ሰው በቀጥታ የጎማውን ፍጥነት የሚያነብ ሴንሰር ይገዛል። አዲስ ሴንሰር ተገጥሞላቸው መብራታቸው እንደበራ የቀረ መኪኖች ደጋግመው ገጥመውኛል። የአብዛኞቹ ችግር ሽቦው ላይ ወይም ከጎማው ጋር እየዞረ ሴንሰሩ በሚያነበው ጥርሳም ቀለበት ላይ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ወጪ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም በትዕግሥት ከተፈለገ ብልሽቱ ያለበት ቦታ ይገኛል።

መጀመሪያ የበራው የትኛው መብራት እንደሆነ ይለዩ። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻ ከሆነ መደበኛው ፍሬን እንደወትሮው ይይዛል፤ የሌለው አጥብቀው ሲረግጡ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው እገዛ ነው። ርቀት ጠብቀው በዝግታ መንዳት ይችላሉ። ቀዩ የፍሬን መብራትም አብሮ ከበራና የእጅ ፍሬኑ ካልተያዘ ግን መኪናውን አያንቀሳቅሱት። የፍሬን ዘይቱ ጎድሎ ይሆናል፤ ወይም የፍሬኑን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያመጣጥነው ክፍል ሥራ አቁሟል። የኋላ ጎማዎች ቀድመው ከተቆለፉ መኪናው ይሽከረከራል። በዚህ ሁኔታ ማስጎተት እንጂ «ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» ማለት አይገባም።

ቀጥሎ ቀላል ቀላሉን ይጨርሱ። ፊውዙን ይመልከቱ። ባትሪውን ይለኩ፤ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ኃይል ሲያንሰው ኤቢኤስ ራሱን ያጠፋል። የፍሬን ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከወረደ ጨምሮ ዝም ማለት ስህተት ነው፤ ወይ የፍሬን ሸራው አልቋል ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። የሚጨመረውም በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ነው።

አሁን የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ በስካነር ያንብቡ። ርካሽ ከሆኑት ስካነሮች ብዙዎቹ የሞተር ኮድ ብቻ ስለሚያነቡ «ችግር የለም» ብለው ያሳስታሉ። ኤቢኤስን የሚያነብ መሣሪያ ይዋሱ ወይም ይግዙ፤ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አያስቆጭም። ኮዱን ከማጥፋትዎ በፊት ይጻፉት። በብዙ መኪኖች ሲ0035 የፊት ግራ ጎማን ይመለከታል። ግራና ቀኝ የሚባለው በሾፌሩ ወንበር ተቀምጠው ወደ ፊት ሲመለከቱ ነው። ኮዱ የሚነግርዎት ከየትኛው ጎማ የሚመጣው መረጃ እንደተበላሸ ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም።

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። በስካነሩ የአራቱን ጎማዎች ፍጥነት በአንድ ላይ ያውጡና ሌላ ሰው ጭር ባለ መንገድ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ እርስዎ ቁጥሮቹን ይከታተሉ። ሦስቱ አብረው ሲሄዱ አንዱ ከዜሮ ካልተነሣ ብዙውን ጊዜ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሴንሰሩ ሞቷል። ደህና ቆይቶ ጉድጓድ ሲያገኝ ወይም መሪ ሲዞር የሚጠፋ ከሆነ ሽቦውን ይጠርጥሩ። መኪናው ሊቆም ሲል ብቻ አንዱ ቀድሞ ዜሮ ቢገባ፣ ወይም በደረቅ መንገድ ላይ ያለ ምክንያት የፍሬኑ ፔዳል ከእግርዎ ሥር ቢንቀጠቀጥ፣ ቀለበቱ ተሰንጥቋል ወይም በሴንሰሩና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል ማለት ነው።

የተጠረጠረውን ጎማ ያውልቁ። ሌሎቹን ጎማዎች በታኮ ያስይዙ፤ መኪናውን በክሪክ አንሥተው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ሳያሳርፉ እጅዎን ወደ ውስጥ አያስገቡ። ከዚያ ሽቦውን ከሴንሰሩ እስከ ሶኬቱ ድረስ በጣትዎ ይከተሉ። ላስቲኩ ደህና መስሎ በውስጡ መዳቡ የተበጠሰ ሽቦ ብዙ ነው፤ በተለይ መሪ ሲዞር በሚታጠፍበት ቦታ። እዚያ ላይ በጣት ሲያጥፉት ከሌላው ክፍል ይልቅ ልል ብሎ ይሰማል። ሶኬቱን ሲፈቱ አረንጓዴ ዝገት ካዩ በኮንታክት ማጽጃ ያጽዱት። የተቆረጠን ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ውኃ ይገባበትና መብራቱ ይመለሳል። ሴንሰሩ ከነሽቦው የሚሸጥ ከሆነ በአንድነት ይቀይሩት።

መልቲሜትር ከመሰካትዎ በፊት የሴንሰሩን ዓይነት ይወቁ። በአሮጌ መኪኖች ላይ ያለው ጥቅልል ሽቦ ያለው ዓይነት በኦም ይለካል፤ ብዙውን ጊዜ ከ800 እስከ 2,000 አካባቢ ያሳያል። ከሁሉም በላይ የሚያስተማምነው ግን ከወዲያኛው ጎማ ሴንሰር ጋር ማነጻጸር ነው። በአዳዲሶቹ ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሴንሰር በኦም መለካት የለበትም፤ ሊበላሽ ይችላል፤ ቁጥሩም ትርጉም የለውም።

ሴንሰሩን ሲያወጡ አይቸኩሉ። ዝገት ጨምድዶ ስለሚይዘው በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት ጫፉን ሰብሮ ጉድጓዱ ውስጥ ያስቀረዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍተው ይቆዩ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ እያዞሩ በትንሽ በትንሹ ይሳቡት። ሲወጣ ጫፉን ይመልከቱ፤ ማግኔት ካለው የብረት ብናኝ ጢም ሊያበቅል ይችላል፤ በጨርቅ ይጥረጉት። የሚቀመጥበትንም ቦታ ያጽዱ፤ ከሥሩ የተጠራቀመ ዝገት ሴንሰሩን ገፍቶ ከቀለበቱ ያርቀዋል። ይህ ችግር በጽዳት ብቻ ይፈታል።

ቀለበቱን በባትሪ መብራት እያዩ ጎማ መያዣውን ሙሉ ዙር ያዙሩት። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቀጭን ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱን ጥርስ ይመልከቱ። ጥርስ ከሌለው ቀለበቱ በኩሽኔታው ላይ የተለጠፈ ማግኔት ነው። መብራቱ የበራው ኩሽኔታ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ይፈልጉ፤ ማግኔት ያለበት ፊት ተገልብጦ ከተገጠመ ሴንሰሩ ምንም አያነብም።

ከጥገናው በኋላ ኮዱን አጥፍተው ጥቂት ይንዱ፤ አንዳንድ መኪኖች መብራቱን የሚያጠፉት ጎማዎቹ ሲሽከረከሩ ካዩ በኋላ ነው። ኮዱ የኤቢኤስ ፖምፓውን ሞተር ወይም የኤቢኤስ ኮምፒውተሩን የሚጠቅስ ከሆነ ግን የፍሬን መስመሩን ራስዎ አይፍቱ። የገባበትን አየር ለማስወጣት በብዙ መኪኖች ላይ ፖምፓውን በትእዛዝ የሚያሠራ ማሽን ስለሚያስፈልግ፣ ማሽኑ ወዳለው ባለሙያ ይውሰዱት።