የፀሐይን ድምፅ ስታነቡ ጥቁሩ ነጥብ እንዳይሸውዳችሁ

ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ነው ጉዴ የወጣው። በፀሐይ ጥቁር ነጥብ (ፊቷ ላይ ጠቆር ብሎ የሚታይ፣ ማግኔቱ የበረታበት ቦታ) በኩል ያለፈው የድምፅ ሞገድ ከሌላው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ደርሷል የሚል ውጤት ላፕቶፔ ላይ አየሁና «ከሥሩ ያለው ጋዝ ሞቋል፣ ድምፁ እየሮጠ ነው ያለፈው» ብዬ ለጓደኛዬ ተጎረርኩ። እሱ ማኪያቶውን እያማሰለ «ማግኔቱንስ ምን አደረግከው?» አለኝ። ረስቼዋለሁ! እናንተም እንዳትረሱት ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፀሐይ ውጫዊ ክፍል እንደ ድስት ይንተከተካል፤ ከዚያ የሚነሳው ድምፅ ፊቷን በየ5 ደቂቃው ገደማ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ሌይተን ነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ይህን ያስተዋለው። ድምፁ ራሱ እኛ ጋ አይደርስም፣ መሀል ላይ አየር የለማ። የምናነበው ከብርሃኑ የዶፕለር ለውጥ ነው፤ የፀሐይ ፊት ወደ እኛ ሲመጣና ከእኛ ሲርቅ የብርሃኑ ቀለም በጥቂቱ ይለወጣል።

ዳታው በነፃ ይገኛል። በ2010 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ፀሐይን የምትከታተለው የናሳ ኤስዲኦ ሳተላይት ላይ ያለው ኤችኤምአይ መሣሪያ በየ45 ሰከንዱ አንድ የፍጥነት ምስል ያወጣል። የ8 ሰዓት ርዝመት ያለው 640 ምስል ነው። ሙሉውን ፀሐይ አታውርዱ፣ የሰፈራችንን ኢንተርኔት ታውቁታላችሁ። ነጥቡንና ዙሪያውን ብቻ ቁረጡ። ከዚያው ቀን የማግኔት ካርታውንም አብራችሁ ውሰዱ፤ ከፀሐይ መሀል በእኩል ርቀት ያለ ጸጥ ያለ ቦታም ለማወዳደሪያ ጨምሩ።

አሁን በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ አስሉና ካርታ አውጡ። ነጥቡ ላይ ውዝዋዜው ደከም ብሎ ታዩታላችሁ። ለምን? ጎርጎራ ወርዳችሁ ከሆነ የጣና ሞገድ ደንገል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስታውሱ፦ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ ዘንጎቹን እያወዛወዘ። ነጥቡ ውስጥ ዘንጎቹ የማግኔት መስመሮች ናቸው። የማግኔት መስኩ ከ2000 እስከ 4000 ጋውስ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ) ይደርሳል፤ የምድራችን ግማሽ ጋውስ አካባቢ ነው። የድምፅ ፍጥነትና የማግኔቱ ሞገድ ፍጥነት እኩል የሚሆኑበት ንብርብር ላይ ሞገዱ ይከፈላል፣ የተወሰነው መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ብራውን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሲለኩት ወደ ነጥቡ ከሚገባው የሞገድ ኃይል እስከ ግማሽ የሚሆነው ተመልሶ አይወጣም።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ነጥቡ ላይ የምናየው የፀሐይ ፊት ራሱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነው፣ ስለዚህ ሞገዱን የምንለካበት ከፍታ ከጎረቤቱ ይለያል። በዚያ ላይ ማግኔቱ ፍጥነቱን የምናነብበትን የብርሃን መስመር ይሰነጥቀዋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሄል በ1908 እ.ኤ.አ. ነጥቦቹ ማግኔት መሆናቸውን ያወቀው በዚሁ ስንጥቅ ነው። እኛን ግን ያስቸግረናል፣ ብርሃኑም ደብዛዛ ስለሆነ የፍጥነት ንባቡ ይዛባል። የኔ ግማሽ ደቂቃ ከየትኛው እንደመጣ ገምቱ። ከሙቀት? ከስርጉዱ? ከማግኔቱ? አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ መለየት አይቻልም።

እንግዲህ ፈትሹት። መጀመሪያ የምትመርጡትን የሞገድ ድግግሞሽ በማጣሪያ ከ3 ሚሊኸርዝ (በሺህ ሰከንድ 3 ውዝዋዜ) ወደ 4 ከፍ አድርጉና ድጋሚ ለኩ። ውጤቱ ከተገለባበጠ የማግኔቱ እጅ እንዳለበት ጠርጥሩ። ቀጥሎ ያንኑ ነጥብ ከጥቂት ቀን በፊትና በኋላ ተመልከቱት፤ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ጋዙ ከየትም ብታዩት ያው ጋዝ ነው። የምታዩበት አንግል ሲለወጥ የመድረሻ ሰዓቱም አብሮ ከተለወጠ ግን የምትለኩት ከሥር ያለውን ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ የመስኩ ዝንባሌ ገብቶበታል።

የኔ ምርጫ ሦስተኛው ነው። ድምፅ ወደ ታች ሲወርድ ሙቀቱ ስለሚጨምርና ስለሚፈጥን እንደ ቀስት ጎብጦ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱም ጫፎቹ ከነጥቡ ውጭ የሆኑ፣ ከሥሩ ሾልከው የሚያልፉ ሞገዶችን ብቻ ምረጡ። ማግኔታቸው ጠንከር ያለ ፒክስሎችን ሸፍኗቸው፤ እኔ ከ100 ጋውስ ጀምሬ ነው ገደቡን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ የማየው። ብዙ ዳታ ይጥላል፣ ግራፉም ይንቀጠቀጣል። ቢሆንም ጫፎቹ ንጹሕ ናቸው።

ለመለማመድ በጥር 2002 እ.ኤ.አ. የታየውን 9787 የሚል ቁጥር ያለውን ነጥብ እመክራለሁ። ያኔ ኤችኤምአይ ስላልነበረ ቀደም ሲል ፀሐይን ከሚከታተለው ከሶሆ ሳተላይት ነው የምታገኙት። ባለሙያዎቹ በተለያዩ ዘዴዎች ሲለኩት አንዱ ከሥሩ ሞገድ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል ብሎ ቁጭ አለ። ጓደኛዬ ይህን ሲያሳየኝ የማኪያቶውን ሒሳብ እኔ ከፈልኩ።