ከድሬ ጅቡቲ ወርዳችሁ ዓሣ ፎቶ ካነሳችሁ
ፎቶው ስልካችሁ ውስጥ አይቅር። አይናቹራሊስት ላይ፣ ማለትም ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት በሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ላይ፣ በነጻ አካውንት ክፈቱና ጫኑት። ያያችሁበትን ቀንና ቦታ በትክክል ሙሉ፤ በተለይ በባቡር ተመልሳችሁ ድሬዳዋ ቤታችሁ ሆናችሁ የምትጭኑ ከሆነ ካርታውን ደግማችሁ እዩ፣ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ (ግዙፉ ሻርክ) ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላይ ከተመዘገበ ለተመራማሪ አይጠቅምም። ዝርያውን ካላወቃችሁ አትገምቱ፣ «ዓሣ» ብላችሁ ተዉት፣ የሚያውቅ ሰው ይለየዋል።

ዋናው ነገር ሌሎች እንዲጠቀሙበት የምትሰጡት ፈቃድ ነው! «መብቱ በሙሉ የተጠበቀ» የሚለውን ከመረጣችሁ መረጃው ወደ ጂቢፍ፣ ማለትም ማንም በነጻ ወደሚያወርድበት ዓለም አቀፍ ቋት አያልፍም። እኔ ሲሲ ባይ (CC BY) የሚባለውን ክፍት ፈቃድ እመርጣለሁ፣ የተጠቀመበት ሁሉ ስማችሁን እንዲጠቅስ ያስገድዳል። ደግሞ የፎቶውና የምዝገባው (ማለትም የሞላችሁት የቀን፣ የቦታና የዝርያ መረጃ) ፈቃድ ለየብቻ ስለሆነ ሁለቱንም አስተካክሉ።